መጀመሪያ የኋላ እግሩን እየው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀወት ወረዳ ቆላው ላይ የልማት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ማሾ ላይ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ የሚውል፣ ሲነኩት ጎን ለጎን ሮጦ የሚዘል ትንሽ አረንጓዴ ነገር አለ። በመስኖው በቆሎ ላይ ደግሞ ቢጫ፣ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ያለው አገኘሁ፤ የበቆሎው ቅጠል ተዥጎርጉሯል። ቦዩ ዳር ሣሩ ላይ ከሁለቱም የሚበልጥ ነጭ አለ። ገበሬው ሁሉንም ‹ክሽክሽ› ይላቸዋል። አንዱ ባልደረባዬ ‹ሁሉም ጃሲድ ነው፣ አንድ መድኃኒት ይበቃዋል› አለኝ፤ ሌላው የፌንጣ ዘር ነው ይላል። እውነት አንድ ናቸው? በሳይንስ እንዴት ነው የሚመደቡት? ፎቶ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ባልደረባህ ግማሹን ልክ ብሏል። ፎቶዎችህን አጉልቼ አየኋቸው፤ ሦስቱም ከአንድ ቤት ናቸው፣ እኛ በሥራ ቋንቋ ጃሲድ ከምንለው ቤት። ክሽክሽ አይደሉም፣ ፌንጣም አይደሉም። «አንድ መድኃኒት ይበቃዋል» ያለው ላይ ግን አልስማማም። አንዱ ቅጠል ያቃጥላል፣ አንዱ በሽታ ያመላልሳል፣ ሦስተኛው ውኃ ጠጥቶ ውኃ ከመሽናት ያለፈ ይህን ያህል ክፋት የለበትም። ይህን ለመለየት የላብራቶሪ ሰው መሆን አያስፈልግህም፤ የቤቱን የዘር ሐረግ አንድ ሁለት ደረጃ መውረድ ከቻልክ ይበቃል። ምደባ ሲባል ብዙ ሰው የሙዚየም ሥራ ይመስለዋል። ለእኔ ማሳ ላይ ይዤ ከምወጣው መሣሪያ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ንዑስ ቤቱን ካወቅህ አፉን የት እንደሚሰካ ታውቃለህ፣ አፉን የሚሰካበትን ካወቅህ ደግሞ ምን ዓይነት ጉዳት እንደምትጠብቅ ታውቃለህ።

ክሽክሹን አስቀድመን እናውጣው። ወደ ደጋው ብትወጣ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የባቄላ ጫፍ ላይ ተደርድሮ፣ መንዝ ደግሞ የገብስ ቅጠል አጠቅልሎ ውስጡ ተደብቆ ታገኘዋለህ። ክሽክሽ አይዘልም። ብትነካው እዚያው ነው። ብዙው ዓይነት ከጀርባው መጨረሻ ላይ እንደ ጢስ መውጫ የቆሙ ሁለት ቱቦዎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜም እንቁላል ሳይጥል ልጁን ከነነፍሱ ይወልዳል። ፌንጣ በበኩሉ አኝኮ በላተኛ ነው፣ ቅጠሉን ይሸርፈዋል። ደገዛ የሚባለው የፌንጣ ዘመድ የገባበት ጤፍ አይተህ እንደሆነ ልዩነቱ አይጠፋህም። ጃሲድ አያኝክም፤ ከራሱ ሥር ወደ ኋላ የታጠፈ መርፌ የመሰለ አፍ አለው፣ ይወጋል፣ ይመጥጣል። ስለዚህ ጃሲድ ያለበት ማሾ ቅጠሉ አይበሳም፣ ዳሩም አይቆረጥም። ከፌንጣ ጋር የሚያመሳስለው መዝለሉ ብቻ ነው፤ በመዝለልማ ቁንጫም ይዘላል።

አሁን ወደ እግሩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ሂድ፤ ብርዱ ስለሚይዘው ቶሎ አይበርም። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፉን ቅጠሉ ሥር አስጠግተህ ቅጠሉን በጣትህ መታ አድርገው፣ ሁለት ሦስቱ ይወድቁልሃል። ነጭ ትሪ ካለህ ደግሞ ቅርንጫፉን ትሪው ላይ አራግፈው። ከዚያ አሥር እጥፍ በምታጎላ ሌንስ የኋላ እግሩን ቅልጥም እይ። ከጉልበቱ እስከ ታች ድረስ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደረ እሾህ ታያለህ። አንድ ረድፍ ብቻ አይደለም፤ ቅልጥሙ ማዕዘን ማዕዘን ስላለው በየማዕዘኑ ተደርድሯል። የቤቱ ማኅተም ይኼ ነው። ቀለም ያሳስታል፣ መጠን ያሳስታል፣ ቅልጥሙ ግን አያሳስትም።

የሚያምታቱህ ጎረቤቶች አሉ። ዴልፋሲድ የሚባሉት ሣርና በቆሎ ላይ የሚውሉት፣ ቅልጥማቸው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ፣ የሚንቀሳቀስ ሹል አላቸው፤ ለፈረስ መኮርኮሪያ ተረከዝ ላይ የሚታሰረውን ብረት አስበው። ሣር ግንድ ላይ ምራቅ የመሰለ አረፋ አይተህ እንደሆነ ውስጡ የተቀመጠው ሌላ ዘመድ ነው፤ ሲያድግ ቅልጥሙ ላይ ያለው እሾህ አንድ ወይም ሁለት፣ ደንደን ያለ ነው፣ ረድፍ አይሠራም። ግራር ላይ ደግሞ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ወደ ላይና ወደ ኋላ የወጣ ጥቁር ቡኒ ነገር ታገኛለህ፤ እሱ ሜምብራሲድ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ ታሪኩ ደስ ይላል።

ሚዶ ያልኩህ ለአባባል ብቻ አይደለም፣ እውነትም ያበጥርበታል። የጃሲድ ሆድ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ቱቦዎች፣ በእኛ ኩላሊት ልንላቸው የምንችላቸው፣ ብሮኮሶም የሚባል እጅግ ደቃቅ ዱቄት ይሠራሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጧ ክፍት፣ ላይዋ እንደ ኳስ ቆዳ በቀዳዳ በቀዳዳ የተሰፋች ናት፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አትሞላም፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንጂ አትታይም። ነፍሳቱ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ይህን ከኋላው በጠብታ አውጥቶ በእግሩ እሾህ መላ አካሉ ላይ ያዳርሰዋል። ውኃ አይዘው፣ የራሱ ጣፋጭ ሽንትም አያጣብቀው። የምትረጨው ፈሳሽ ሰውነቱ ላይ የማይረጋበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ከላይ ከላይ የሚረጭ ሰው ድካሙ ነው የሚተርፈው።

ሌላውን መለያ ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። ቀንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ አጭር ነው። ክንፉን ሲያሳርፍ እንደ ጎጆ ክዳን ግራና ቀኝ ያዘነብለዋል። ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች ሌላ ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ ሁለት ነጠብጣብ የመሰሉ ትንንሽ ዓይኖች አሏቸው። ልጁ አባቱን ይመስላል፤ እንደ ቢራቢሮ ትልና ሙሽሬ የለውም። አምስት ጊዜ ቆዳ ቀይሮ ክንፍ ያወጣል። እናቲቱ እንቁላሏን ቅጠል ላይ አትጥልም፣ የቅጠሉን ጅማት ወይም አንገቱን በመጋዟ ሰንጥቃ ውስጥ ትቀብረዋለች። ቆላ ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ወንዱ ሴቲቱን የሚጣራው በድምፅ ነው፣ ግን እኛ አንሰማውም፤ ሆዱን እያርገበገበ ግንዱን ያንቀጠቅጠዋል፣ እሷ በእግሯ ትሰማዋለች።

ወደ ምደባው እንግባ። እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? የሳይንሱም ቆጠራ እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። መደቡ ነፍሳት። ክፍለ መደቡ ሄሚፕቴራ፣ ወግተው የሚመጥጡት ሁሉ የሚገቡበት፤ ክሽክሹም ነጭ ዝንቡም ትኋኑም እዚህ ናቸው። ስለዚህ ገበሬው «ክሽክሽ» ሲል ጨርሶ አልተሳሳተም፣ ቅድመ አያታቸውን ጠርቶ ነው። ከዚያ ንዑስ ክፍለ መደቡ አውኬኖሪንካ ይባላል፤ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ እዚህ ላይ ተለይተው ወደ ሌላ ጎጆ ይሄዳሉ። ከእሱ በታች ሜምብራኮይዲያ የሚባል ታላቅ አስተኔ አለ፣ በዚያ ውስጥ አስተኔ ሲካዴሊዴ። የእኛ ቤት ይኼ ነው። «ጃሲድ» የሚለው ስም ቤቱ ዱሮ ጃሲዴ ይባል ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ የመስክ ሰው አፍ ላይ ግን ቀረ። እኔም አልተውኩትም።

ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ20,000 በላይ ናቸው። አውኬኖሪንካ ውስጥ ይህን ያህል የተራባ ቤት የለም። ንዑስ አስተኔዎቹ ስንት ናቸው ካልከኝ፣ እንደ ቆጣሪው ነው፤ አንዳንዱ 25 ይላል፣ የቀድሞዎቹ ዝርዝሮች ወደ 40 ያደርሱታል። ይህ ድክመት አይምሰልህ። የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) ንባብ ከመጣ ወዲህ ቤቶቹ እየፈረሱ እየተሠሩ ነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩህ ባለ ሻኛው ሜምብራሲድ ዱሮ ለብቻው የቆመ አስተኔ ነበር፣ ዛሬም በስሙ እንደዚያው ይጠራል። የዘር ንባቡ ግን ከጃሲዶች መሃል የወጣ መሆኑን አሳየ። የአጎት ልጅ ሲባል የኖረው የገዛ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥብቅ ብለን ካልን «ጃሲድ» ማለት «ሻኛ ያላበቀለው ሁሉ» ማለት ሆኖ ቀርቷል። ሊቃውንቱ በዚህ ገና እየተነጋገሩ ነው። አንተን ማሳ ላይ አያስቸግርህም።

አንተን የሚያገለግሉህ ሦስት ንዑስ አስተኔዎች ናቸው፤ አጋጣሚ ሆኖ ሦስቱንም በአንድ ቀን ፎቶ አንስተሃቸዋል።

ማሾው ላይ ያለው አረንጓዴ ቲፍሎሲቢኔ ከሚባለው ነው። ስሙ ከግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን «ዕውር ራስ» እንደማለት ነው፤ ቅድም ያልኩህ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ብዙዎቹ ላይ ስለሌሉ ወይም ስለደበዘዙ ነው፣ ትልልቆቹ ዓይኖችማ አሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሚሊ ሜትር፣ ስስ፣ ጣት ሲነካው የሚፈርስ ነገር። የፊት ክንፉን በሌንስ ብታይ ጅማቶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፣ ከጫፉ በቀር አግድም የሚያገናኛቸው መስመር የለም። አብዛኞቹ የዚህ ቤት ልጆች የቅጠሉን ሥጋ ሴል በሴል እየወጉ ያደርቁታል፤ ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ ይዘራበታል። ያንተው ግን ኢምፖአሲኒ ከሚባለው ነገድ ነው፤ ይህ ነገድ ከዚያ አልፎ የጅማቱን ቧንቧ ይቧጥጣል። ምራቁና ቁስሉ ተደምረው ስኳር ከቅጠሉ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጉታል። ቅጠሉ የሠራው ስኳር መውጫ አጥቶ እዚያው ይከማቻል፣ ጫፉ መጀመሪያ ይቢጫል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ እንደ እሳት የላሰው ይሆናል፣ ወደ ታችም ይጠቀለላል።

ይህን ከድርቀት ጋር ማምታታት ቀላል ነው። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ አንድ አባት የማሾ ማሳቸውን አሳዩኝ፤ ዳር ዳሩ ነዷል። ጊዜው ቀትር ነበር፣ ሙቀቱ ራስ ይበሳል፣ እኔም ከደጋ ወርጄ ጥላ ጥላ ነበር የምፈልገው። ጎንበስ ሳልል «አባባ፣ ውኃ ጠምቶት ነው» አልኳቸው። አጠጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ቃጠሎው መሃል ገብቷል። «ልጄ፣ ውኃውንማ ጠጣ፤ ጥሙ ግን አልቆረጠለትም» አሉኝ። አፍሬ ተንበረከክሁና አንዱን ቅጠል ገለበጥኩት። ሥሩ ላይ በነጭ ወረቀት የተቀረጹ የሚመስሉ፣ እግርና ቀንድ ሳይቀር ያላቸው ባዶ ቅርፊቶች ተለጥፈዋል፤ እያደጉ የገለፈፉት ቆዳ ነው። ከመሃላቸው አንድ ገና ክንፍ ያላወጣ ጫጩት ጎን ለጎን ሮጦ ጅማቱ ጥግ ተሸሸገ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅጠል ሳልገለብጥ አልፈርድም። ድርቀት የያዘው ተክል መላው ይጠወልጋል፣ ማታ ሲበርድ ቀና ይላል። ጃሲድ ያቃጠለው ማታም እንደዚያው ነው፣ ቅርፊቱም ከቅጠሉ ሥር አለ።

ዝርያው ማነው ብለህ ከጠየቅኸኝ ከፎቶ አልነግርህም። ኢምፖአስካ የሚባለው ወገን (ወገን ማለት የቅርብ ለቅርብ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ደረጃ ነው) ዱሮ እንደ ትልቅ ጎተራ ነበር፤ አረንጓዴና ትንሽ የሆነ ሁሉ ይገባበት ነበር፣ በኋላ እየተቆጠረ ወደ ሌላ ወገን ወጣ። ጥጥ ላይ ከሱዳን ጀምሮ የሚታወቀው ጃሲድ ዱሮ ኢምፖአስካ ሊቢካ ይባል ነበር፣ ዛሬ ጃኮቢያስካ ሊቢካ ይባላል። የአተር ዘመዶች ላይ ደግሞ ኢምፖአስካ ዶሊኪ በአፍሪካ የታወቀ ነው። እነዚህን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው እናታቸውም አትለያቸውም። የሚለዩት በኋላ ክንፍ ጅማትና በወንዱ ብልት ቅርጽ ነው፤ የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ አሥር በመቶ የፖታሽ ውኃ ውስጥ ሥጋው እስኪሟሟ ይቆያል፣ ከዚያ የቀረው አጽም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሴቲቱን ብቻ ከላክህልኝ «ኢምፖአስካ ወይም ዘመዷ» ብዬ እቆማለሁ። ደፍሮ ከዚያ የሚያልፍ ሰው ካየህ ጠርጥረው።

የበቆሎው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እኔንም የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቢጫ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ የራሱ ጫፍ ላይ እንደ ቀለም ብዕር ነጥብ የተቀመጡ ሁለት ክብ ጥቁሮች፤ ይህ ወገን ሲካዱሊና ነው። ንዑስ አስተኔው ዴልቶሴፋሊኔ፣ የቤቱ ትልቁ ክፍል። ስሙ «ባለ ሦስት ማዕዘን ራስ» ለማለት ነው። ከእግሩ ልታረጋግጥ ከፈለግህ የኋላ ጭኑ ጫፍ ላይ ያሉትን ጠንካራ ፀጉሮች ቁጠር፤ በዚህ ንዑስ አስተኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ሆነው ይቆማሉ። አፉን የሚሰካው ስኳር የሚወርድበት ቧንቧ ላይ፣ ፍሎየም ላይ ነው። በጥንቃቄ፣ ሳይቧጥጥ ይሰካል፤ ስለዚህ እሱ ራሱ የሚያደርሰው ቁስል እዚህ ግባ አይባልም። ችግሩ ያው ቧንቧ ቫይረስና ፋይቶፕላዝማ የሚባለው ረቂቅ ባክቴሪያም የሚጓዙበት መንገድ መሆኑ ነው። ከጃሲዶች መሃል በሽታ አመላላሾቹ አብዛኞቹ ከዚህ ቤት ናቸው። ሰሊጥ አበባው ወደ ቅጠልነት ተቀይሮ መጥረጊያ ሲመስል፣ ወይም ከሱዳን እስከ ህንድ ሽንብራ አጥሮ ሲገረጣ ስማቸው የሚነሳው ኦሮሲየሶችም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ፎቶህ ላይ ያለው በቆሎ የታችኛው ቅጠል ንጹህ፣ ከመሃል ወደ ላይ ያለው ግን ጅማቱን ተከትሎ በቀጭን በነጣ መስመር የተሸነተረ ነው። የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስ መልኩ ይኼ ነው፤ በአገራችን በምዕራቡ፣ በጋምቤላ ቆላ፣ ከታወቀ ቆይቷል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ የሚወጣው ቅጠል ነው የሚሸነተረው፣ ቀድሞ የወጣው አይነካም። ስለዚህ የመጨረሻውን ንጹህ ቅጠል ብትቆጥር በሽታው መቼ እንደገባ ትገምታለህ። ማግኒዥየም ያነሰው በቆሎም መስመር ያወጣል፣ እሱ ግን ከታች ከአሮጌው ቅጠል ነው የሚጀምር። ለእርግጠኝነት ቅጠሉ በላብራቶሪ መመርመር አለበት፤ የእኔ ዓይን ምርመራ አይደለም።

የዚህ ነፍሳት የስም ታሪክ ለአንተ ዓይነቱ ጠያቂ ትልቅ ትምህርት አለው። በሽታውን ፉለር የተባለ ሰው በእ.ኤ.አ. 1901 ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ጽፎት ነበር፤ መንስኤው ግን አልታወቀም። ናውዴ በ1924 ነፍሳቱን ባልክሉታ ምቢላ ብሎ ሰየመው፤ «ኡምቢላ» በዙሉ በቆሎ ማለት ነው። ስቶሪ በ1925 በሽታውን የሚያዛምተው ይኸው መሆኑን ሲያሳውቅም በዚያው ስም ነው የጠራው። በ1926 ዊልያም ቻይና የተባለ እንግሊዛዊ ሲካዱሊና የሚለውን ወገን አቋቋመ፤ ቻይና የሰውዬው ስም ነው፣ አገሩ አይደለም። ምቢላም ወደዚያ ገባ፣ ዛሬ ሲካዱሊና ምቢላ ነው። ባልክሉታዎች ዛሬም በየሣሩ ሞልተዋል፣ ቀጫጭን፣ ቢጫ አረንጓዴ፣ ራሳቸው ላይ ግን ጥቁሩ ነጥብ የለም። ስቶሪን ባመነ ሰው ስንት ንጹህ ባልክሉታ በነፍሰ ገዳይነት እንደተረጨበት እግዜር ይወቀው። መረብ ይዘህ ሣር ላይ ስታልፍ ከምትይዘው ቢጫ ነገር ብዙው እሱ ሊሆን ይችላልና ነጥቡን ሳታይ አትደንግጥ።

ስቶሪ በኋላ በአማኒ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የሠራው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ከአንድ ዝርያ፣ ከአንድ በቆሎ ላይ የተያዙ ሆነው አንዳንዶቹ ቫይረሱን ያስተላልፋሉ፣ አንዳንዶቹ አያስተላልፉም። ይህ ችሎታ በዘር የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የማያስተላልፉትን ሆድ በቀጭን መርፌ ወጋቸው፤ አስተላለፉ። ለካ ቫይረሱን የሚያግደው የአንጀታቸው ግድግዳ ኖሯል። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ምራቅ ካለፈ በኋላ ነፍሳቱ ዕድሜውን ሙሉ ያስተላልፋል። ቫይረሱ ግን ውስጡ አይራባም፣ እንቁላሉንም አልፎ ወደ ልጅ አይሄድም። በበቆሎ ዘርም አይተላለፍም፤ ገበሬዎችህ «ዘሩ ተበከለ» ካሉህ ይህን ንገራቸው። የሚከርመው በሣርና በቆመ በቆሎ ላይ ነው፤ ከ80 በላይ የሣር ዘር ያስተናግደዋል።

ሲካዱሊና ሃያ ገደማ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ቫይረሱን ማስተላለፋቸው የተረጋገጠው ደግሞ ከግማሽ በታች ናቸው። ዝርያውን ለመለየት እዚህም ወንድ ያስፈልገኛል።

ነጩ ሲካዴሊኔ ከሚባለው ነው። ትልቅ፣ ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ፣ ግንባሩ ያበጠ። ያ እብጠት ጡንቻ ነው፤ ከሥር ውኃ የሚወጣበትን ቧንቧ፣ ዛይለምን፣ የሚመጥጥ ስለሆነ ጠንካራ መሳቢያ ያሻዋል። ዛይለም ውስጥ ምግብ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እየጠጣ ቀኑን ሙሉ ይሸናል፤ ሣሩ ሥር ብትቀመጥ ጠብ ጠብ ሲል ታያለህ። ራሱ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው በአፍሪካ ሣርና ሩዝ ላይ የተለመደው ኮፋና ሊሆን ይችላል። ተወው፣ የሚያስረጭ ነገር የለውም።

አሁን ስለ እርጭቱ። ማሾው ገና ልጅ ከሆነና ስትገለብጠው በየቅጠሉ ጫጩት ካለበት ማሰብ ትችላለህ፤ ፍሬ መሙላት ከጀመረ ግን የሚቃጠለው ገንዘብ ነው። ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር ፈልግ። አንዳንዱ ጃሲድ ጎኑ ላይ እንደ ጥቁር ምስር የመሰለ ከረጢት ተንጠልጥሎበት ታያለህ። ያ የእሱ አካል አይደለም፤ ድራይኒድ የምትባል ተርብ የጣለችው ልጅ ነው፣ ውስጡን እየበላ ያድጋል። እንቁላሉን የሚያጠፉ፣ ከጃሲዱ ራሱ የሚያንሱ ተርቦችም አሉ። ከረጢቱን ካየህ ሳምንት ጠብቅ። ጠንካራ ሁሉን ገዳይ መድኃኒት ቶሎ ከተረጨ ቀድመው የሚያልቁት እነዚህ ናቸው፣ ጃሲዱ ከተቀበረ እንቁላሉ እንደገና ይነሳል። የግድ ከሆነ ለማሾ የተፈቀደውን፣ በመለያው መጠን፣ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ ገልብጣችሁ ከቅጠሉ ሥር፣ ወደ ማታ ንብ ስትገባ። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቅጠሉ ፀጉራም የሆነ ዘር ካገኘህ አወዳድረው፤ ጥጥ ላይ ፀጉር ጃሲድን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ታውቋል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥጥን ከጃሲድ ያተረፈው ፀጉራሙ ዘር ነው።

የተሸነተረውን በቆሎ መርጨት ግን ከንቱ ነው። ቅጠሉ አይመለስም። ገና ጥቂት እግር ከሆነ ነቅላችሁ ለከብት ስጡት። ዋናው የሚቀጥለው ዘር ነው፤ አዲሱን በቆሎ ከቆመው አሮጌ በቆሎ ጎን፣ በተለይም ነፋሱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በሚነፍስበት በኩል፣ አትዝሩ። መካከሉ አሥር ሜትር ያህል ባዶ መሬት ቢተው ብዙ ይቀንሳል፤ ከሲካዱሊና ብዙው በአጭር በአጭር በረራ ነው የሚዛወረው። ቦዩ ዳር ያለውን ሣርና በራሱ የበቀለውን በቆሎ ከመዝራታችሁ በፊት አጽዱ። በሮቢና በጀውሃ መስኖ ላይ በቆሎ በበቆሎ ላይ እየተደረበ ዓመቱን ሙሉ የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ በሽታውን የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ይህን ለመስኖ ተጠቃሚዎቹ ስብሰባ ላይ አንሳው፣ አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም።

ናሙና ስትልክልኝ እንዲህ አድርግ። ከማሾውም ከበቆሎውም አሥር አሥር ያህል ያዝ፤ ወንድና ሴት ከመሃላቸው አይጠፋም። የመድኃኒት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሰባ በመቶ አልኮል ላይ አስቀምጥ፤ ከጤና ጣቢያ ካላገኘህ ዳግም አረቄ ለጥቂት ቀን ያቆይልሃል። ጥጥ አትጠቅጥቅበት፣ እግሩ ጥጡ ላይ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው እግሩን ነው። ማሾና በቆሎውን በአንድ ብልቃጥ አትቀላቅል። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ሰብሉንና ከፍታውን በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈህ ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ ጨምረው፤ በእስክሪብቶ ከጻፍከው አልኮሉ ያጥበውና ለእኔ ሰማያዊ ውኃ ብቻ ይደርሰኛል። የተሸነተረውን ቅጠል ለብቻው በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ይበሰብሳል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ካገኘህ በእጁ ስደድልኝ።